የመንገድ ውሻ አንስቶ ጥሩ ቤት ማግኘት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎች

ካቻምና ክረምት ሸርፍ ተራ አካባቢ፣ ከቆመ አይሱዙ ሥር አንዲት ውሻ አየሁ። ዝናቡ ይወርዳል፤ እሷ የኋላ ጎማው ላይ ተለጥፋ ትንቀጠቀጣለች። ጆሮዋ ጫፍ ላይ መዥገር እንደ ባቄላ ተንጠልጥሏል። ዳቦ ቆርሼ ወረወርኩላት። አልበላችውም። በአፏ ይዛው፣ እኔን እያየች፣ ወደ ኋላ ወደ ጨለማው ገባች። በማግስቱ ስመለስ እዚያው ናት። ቀለሟን አይቼ ዳማ አልኳት።

ዛሬ ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ ትኖራለች። ከአይሱዙው ሥር እስከዚያ ግቢ አራት ወር ፈጅቷል። ይህን የምጽፈው "ውሻ አግኝቻለሁ፣ ምን ላድርጋት?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው። ውሻ ማንሳት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጊዜ የሚፈጀውና ብዙዎቻችን የምንሳሳተው የሚይዛትን ሰው ስንመርጥ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ስለዚያ ይሆናል።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ባለቤት የላትም?

መንገድ ላይ የምታዩት ውሻ ሁሉ ቤት የለሽ አይደለም። ቀን በር ተከፍቶለት ሲዞር ውሎ ማታ ግቢው የሚገባ ሞልቷል። የሰፈር ውሻ የሚባለውም አለ። የማንም አይደለም፤ ግን ሥጋ ቤቱ አጥንት ይጥልለታል፣ ዘበኛው ማታ ከጎኑ ያስተኛዋል፣ ልጆቹ ስም አውጥተውለታል። እንዲህ ያለውን ውሻ ከለመደው ቦታ ማንሳት ላይጠቅመው ይችላል። ምናልባት የሚያስፈልገው ክትባት ብቻ ነው፤ እሱን አስከትባችሁ እዚያው ተዉት።

ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ጠይቁ። ዘበኛውን፣ ሊስትሮውን፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋን ልጅ። ፎቶዋን የሰፈሩ ቴሌግራም ላይ ልቀቁት። ጡቷ ወረድ ብሎ ካያችሁ ደግሞ ቡችሎች የሆነ ቦታ ደብቃለችና ተከትላችሁ እነሱን ፈልጉ። ቡችላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይም። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው ንክሻን ልክ ማድረግ የሚማረው።

ስትቀርቧት ጎንበስ አትበሉ

ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ከብዙ ሩጫ በኋላ ነው የገባኝ። የኛ አገር የመንገድ ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ድንጋይ ሊያነሳ እንደሆነ በልምድ ያውቃል። እናንተ ልትደባብሱ ነው፤ እሱ የሚያየው ድንጋዩን ነው። ይሸሻል ወይም ቀድሞ ይናከሳል። ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ። ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን። ዓይን ዓይኗን አትዩ። ምግቡን ወርውሩና ዝም በሉ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ድምፅ ከመጣችሁ አብዛኛዋ ውሻ በሳምንት ውስጥ ራሷ ትቀርባለች። ዳማ ስድስተኛው ቀን ላይ ነው እጄን ያሸተተችው።

አሁን ቆም ብላችሁ የምታነቡት ነገር አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት የሚሰጥ ክትባት ግን ያድናል። ከነከሰቻችሁ ወይም ምራቋ ክፍት ቁስል ከነካ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት እያያችሁ እጠቡ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። "ትንሽ ጭረት ናት" ብላችሁ አትደሩ። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚያምን ሰው ይሂድ፤ በክትባቱ ፋንታ ግን አይሁን። ውሻዋንም በንዴት አትግደሏት። ዝግ ቦታ ሆና 10 ቀን ትታይ፤ ስትነክስ በሽታው ምራቋ ውስጥ ከነበረ በነዚያ ቀናት ምልክቱ ይወጣል። እናንተ ግን 10 ቀኑን ቆጥራችሁ ሳይሆን ያኔውኑ ሕክምና ትጀምራላችሁ።

ድንገት ጠባዩ የተለወጠ፣ አፉን መዝጋት ያቃተው፣ ለሀጩ የሚዝረበረብ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚናከስ ወይም እየተንገዳገደ የሚሄድ ውሻ ካያችሁ አትጠጉት። ለቀበሌው ወይም ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ፣ ልጆችን አርቁ። ጤነኛ የምትመስለውም ብትሆን በሽታው ከሳምንታት እስከ ወራት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ አዲስ የመጣች ውሻ መጀመሪያ አካባቢ ከልጆች ጋር ብቻዋን አትተዋት።

የምታድርበት

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮ ብቻውን ማደሪያ አይሆንም። ደሴ ላይ በረዶ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ምጣድ። ከጣውላ ወይም ከፓሌት ሥሩ፣ ወለሉን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት፣ በሩን ነፋስ ከማይመጣበት አቅጣጫ አዙሩት። ሰፊ አይሁን። ተጠቅልላ ስትተኛ የራሷ ትንፋሽ የሚያሞቃት ያህል ይበቃታል። ውስጡን ጭድ የሞላ ኬሻ አንጥፉ። ኬሻው ሲረጥብ ቀይሩት፤ አንዱን ግን፣ የሷን ሽታ የያዘውን፣ አትጣሉት። ኋላ ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ጅቡንም አትርሱ። ጦሳ ሥር፣ ገራዶ በኩል፣ ዳር ዳር ያለ ሰፈር ሁሉ ማታ ጅብ ይወርድበታል። ሜዳ ላይ ታስራ የምታድር ውሻ መሸሽ አትችልም። ማታ የሚዘጋ በር ያስፈልጋታል።

ስለ ምግብ

እንጀራ ፍርፋሪ ብቻ አይበቃትም፤ የወጥ ትርፍራፊ ደግሞ ችግር አለው። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ይጎዳሉ። የበሰለ የዶሮ አጥንት አትስጧት፣ ተሰንጥቆ ጉሮሮዋንና አንጀቷን ይወጋል። ሩዝ ወይም እንጀራ ከተቀቀለ ሥጋ ቅንጥብጣቢ ጋር፣ ያለ በርበሬ፣ በቀን ሁለቴ። ቡችላ ከሆነ ሦስቴ አራቴ። እንቁላል ከተገኘ ደስ ይላል። ብዙ ተርባ የቆየች ውሻ መጀመሪያዎቹን ቀናት በጥቂት በጥቂቱ ትብላ፣ ያለዚያ ታስመልሳለች ወይም ያስቀምጣታል።

ከአረፋ፣ ከመስቀል፣ ከገና በኋላ በየግቢው ስለሚወረወረው ጥሬ ሳንባና ጉበት አንድ ነገር ልበል። በጎቻችንና በሬዎቻችን ሳንባና ጉበት ላይ የምናየው ውሃ የቋጠረ ነገር የትል ከረጢት ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በእጅና በምግብ ደግሞ ሰው ውስጥ ይገባና ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ ያብጣል። ስለዚህ በደንብ ቀቅሉ ወይም ቅበሩት። ጎረቤትም አስጠንቅቁ።

የእንስሳት ሐኪም

ሳትሄዱ በፊት ጠይቁ። እኛ ጋ የእንስሳት ክሊኒክ አብዛኛው ሥራው በሬ፣ በግ፣ ፈረስና አህያ ነው፤ የውሻ ክትባት ሁልጊዜ አይኖርም። ሲኖርም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ የቆየ መሆን አለበትና ከማቀዝቀዣ ሲወጣ እዩት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ ግራ ከገባችሁ እዚያ የሚማር ወይም የሚያስተምር ሰው ፈልጉና የት እንደሚሻል ጠይቁት። ደስ ብሏቸው ነው የሚመክሩት።

የእብድ ውሻ ክትባት ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ቀኑን እንዳትረሱ አንድ ዘዴ አለኝ። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28 ነው፤ በኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት። ደመራው ካለፈ ካርዱን አውጥታችሁ እዩ። ካርድ ደግሞ ግዴታ ነው፤ ማኅተምና ቀን ያለው። ለአዲሱ ባለቤት አብሮ ይሰጣል።

በዚያው የትል መድኃኒት በክብደቷ ልክ ትውሰድ። ለውስጥ ጠፍጣፋ ትል የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ ስሙን ይዛችሁ ጠይቁ። እከክ፣ ቁንጫና መዥገር ካላት ሐኪሙ ያዘዘውን ብቻ ተጠቀሙ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ ቆዳዋን ያቃጥለዋል፣ ስትልሰው ደግሞ ይመርዛታል። ለከብት የሚረጨውንም በግምት አታፍስሱባት። ከብልቷ አካባቢ ደም የሚያንጠባጥብ፣ አበባ ጎመን የመሰለ እብጠት ካያችሁ አትደንግጡ፣ አትጣሏትም። በግንኙነት ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ዕጢ ነው፤ በየሳምንቱ በሚሰጥ መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ሴት ከሆነች እንዳትወልድ የሚያደርገውን ቀዶ ሕክምና ከመስጠታችሁ በፊት ብታሠሩ ቤት የማግኘት ዕድሏ በጣም ይጨምራል። "ሴት ከሆነች አንፈልግም" ያላለኝ ሰው የለም ማለት እችላለሁ። ሴት ውሻ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ለወንድ ትደርሳለች፣ ከዚያ በዓመት ሁለቴ ገደማ፣ እርግዝናው ደግሞ 63 ቀን አካባቢ ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራ ካልተገኘ ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ ለሦስት ሳምንት ያህል ከግቢ እንዳትወጣ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ለተረካቢው በግልጽ ንገሩት።

ጠባይዋን እወቁ

ቢያንስ አንድ ወር አብራችሁ ሳትቆዩ ቤት አትፈልጉላት። መጀመሪያ የሚታየው ፍርሃቷ እንጂ ጠባይዋ አይደለም። ዳማ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዴም አልጮኸችም፤ ዲዳ ናት ብለን ነበር። በአራተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ቆጣሪ ቤቱ ጋ ድመት ሲንኮሻኮሽ ሰፈሩን ቀሰቀሰችው። ዶሮ ታሳድዳለች? ልጅ ሲሮጥ ትከተላለች? ስትበላ ሲጠጓት ታጉረመርማለች? ርችት ስትሰማ የት ትደበቃለች? ጽፋችሁ ያዙት። መጥፎውንም ጭምር። የደበቃችሁት ጠባይ ከሳምንት በኋላ ውሻዋን መልሶ በራችሁ ላይ ያመጣታል።

ሰው መምረጥ

ስህተቴን ልንገራችሁ። ከዳማ በፊት አንድ ቡችላ ነበረችኝ፤ የቡና ቀለም፣ ጨዋታ የማትጠግብ። አንድ መጋዘን የሚያስተዳድር ሰው ጠየቀኝ፣ ሰላም ያለው ሰው ነበር፣ ግቢውም ሰፊ ነው አለኝ። ሄጄ ሳላይ ሰጠሁት። ከሁለት ወር በኋላ በዚያ ሳልፍ ጎራ አልኩ። በክንድ በማትሞላ ሽቦ በር ሥር ታስራለች። ጆሮዎቿን "ኃይለኛ እንድትሆን" ብለው ቆርጠዋቸዋል። ቁስሉ ላይ ዝንብ አለ። አወቀችኝ፤ በሆዷ እየተሳበች መጣች፣ ሽቦው አንገቷን አንቆ እስኪያስቆማት ድረስ። ለምኜ፣ ሽማግሌ ልኬ ወሰድኳት። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ሳላይ ለማንም አልሰጥም።

ጆሮ መቁረጥ ውሻን ኃይለኛ አያደርግም፤ ሰው እንድትፈራ ያደርጋታል። ቀኑን ሙሉ የታሰረች ውሻም ጥሩ ጠባቂ አትሆንም። ጥሩ ጠባቂ ግቢውን ዞሮ የሚያውቅ፣ የቤቱን ሰው የሚወድ ውሻ ነው። ይህን ስትነግሯቸው የሚሰሙ ሰዎች አሉ። የማይሰሙ ከሆነ አትስጡ።

ሰው የምትፈልጉት ከምታውቁት ጀምራችሁ ነው፦ ዕድር፣ መሥሪያ ቤት፣ ቡና የምትጠጡባቸው ጎረቤቶች። ቴሌግራም ላይ መለጠፍም ይቻላል፤ ግን "ነፃ ነው" ብላችሁ አትጻፉ፣ "ቤት ይፈለግላታል" በሉ። የሚመጣው ሰው ይለያያል።

ሲመጡ እንደ ፖሊስ አትጠይቁ። ቡና እየጠጣችሁ አጫውቷቸው፤ ከጨዋታው መሃል መልሱ ይወጣል። ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ? ምን ሆነ? ("ጠፋ" ሦስት ጊዜ ከሰማችሁ አጥሩ ችግር አለበት።) ማነው የሚያበላት? የክትባቱን ማን ይከፍላል? ወደ ሌላ ከተማ ብትሄዱስ? ተከራይ ከሆኑ አከራዩን ራሳችሁ አግኙት። በተከራዩ አፍ "እሺ ብለዋል" አይበቃም፤ ቤት ሲለቁ መጀመሪያ የምትቀረው ውሻዋ ናት። በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ ከከተማው የወጣነው ሰዎች በር ዘግተን ምን ትተን እንደሄድን እናውቃለን። ማንንም አልወቅስም፣ ነፍስ ማዳን ነበር። ግን "ድንገት ብትሄዱ ለማን ትሰጧታላችሁ?" የሚለውን ከዚያ ወዲህ ሁሉንም እጠይቃለሁ።

ወሎ ላይ ሃይማኖቱን ሳታነሱ ማለፍ አይቻልም፣ በግልጽ ማውራቱም ይሻላል። ሙስሊም ቤት ከሆነ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል። ለጥበቃና ለከብት ውሻ መያዝ ግን የተፈቀደ ነው፤ ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ታሪክም በሐዲስ ያለ ነው፣ ሼሆቹን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የማይገባ፣ መስገጃ የማይደርስ፣ ግቢ የለመደ ውሻ መስጠት የናንተ ኃላፊነት ነው፤ አስቀድማችሁ አስለምዱት። ክርስቲያን ቤት ደግሞ ሁዳዴ አለ። 55 ቀን ሥጋ ድስት ውስጥ አይገባም፣ ውሻዋ ግን አትጾምም። ለሁለቱም መፍትሔው አንድ ነው፦ የራሷ ድስትና የራሷ ሳህን፣ ውጭ የሚቀመጥ። እኛ ከተማ ደግሞ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት በጾም ቢዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው፣ ቅንጥብጣቢ አይጠፋም።

ዳማን የወሰዷት ኮምቦልቻ ያሉ አንዲት እናት ናቸው። ወደ ቦርከና ገባ ያለ ግቢ፣ ዘይቱና ዛፍ ያለበት። ውሻ የፈለጉት ዶሮ እየተሰረቀባቸው ነው። ቁጭ ብለን ቡናቸውን እየጠጣን፦

"ሴት ናት ልጄ?"

"አዎ እማ፣ ሴት ናት።"

"ትወልድብኛለቻ!"

"አትወልድም፤ አሠርተናታል። ሐኪሙ የጻፈው ይኸው።"

ወረቀቱን ለልጃቸው አስነበቡት። ከዚያ ተነሥተው፣ እኔ ሳልጠይቃቸው፣ የት እንደምታድር አሳዩኝ። "እዚህ ጥላ ነው፣ ቀትር ላይ አይነካትም" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥያቄ አልጠየቅኩም። ከሳቸው በፊት ሁለት ሰው እምቢ ብዬ ነበር፤ አንዱ "ለመቼ ትደርሳለች?" ብሎ እንደ ዕቃ ጠይቆኝ ነው።

ርክክብ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምትወስዱ ከሆነ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም ሃረጎ ጠመዝማዛ ነው። ከመንገዱ አራት አምስት ሰዓት በፊት አታብሏት፣ ታስመልሳለች። ውሃ ብቻ። በሚኒባስ አትሞክሩ፤ የሰው መኪና ለምኑ ወይ ኮንትራት ያዙ። ያ ያስቀመጣችሁት ኬሻ አሁን ነው የሚያስፈልገው፣ ከሷ ጋር ይሄዳል። የምትበላውንም ለሁለት ሦስት ቀን የሚሆን ያዙላት፣ ምግብ በአንድ ጊዜ እንዳይቀየርባት።

ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጽፋችሁ ተፈራረሙ፦ በየዓመቱ ትከተባለች፤ ቀን ከሌት ታስራ አትውልም፤ የማይሆን ከሆነ ለሌላ ሳይሰጥ፣ መንገድ ላይም ሳይጥል ለናንተ ይመለሳል። ሰው ያፍራል ብላችሁ አትተዉት። "እናንተን ሳላምን ቀርቼ ሳይሆን ለውሻዋ ብዬ ነው" ካላችሁ ማንም አይቀየምም።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በር እንዳይከፈት አደራ በሉ። አዲስ ቦታ የመጣች ውሻ ወደ ድሮዋ ልትመለስ ትነሣለች፣ መንገዱ ላይም መኪና አለ። ወደ ውጭ የምትወጣ ከሆነ በገመድ ትውጣ።

ከዚያ በኋላ

በሦስተኛው ቀን ደውሉ። ምናልባት "አትበላም፣ ተደብቃለች" ይሏችኋል። አብሽሩ፣ ይህ የተለመደ ነው፤ ውሃ እየጠጣች ከሆነ ጊዜ ስጧት በሏቸው። በሦስተኛው ሳምንት ሂዱና እዩ፤ ሳትደውሉ ብትሄዱ ይሻላል፣ ግን እጃችሁን ባዶ አታድርጉ፣ ስኳርም ቢሆን ይዛችሁ። ሰንሰለቱን፣ ውሃዋን፣ ማደሪያዋን እዩ። ስትቀርባችሁ ጭራዋ የት እንዳለ እዩ። በሦስተኛው ወር ደግሞ እንደገና። ይህ ሁሉ አልፎ ካልተስማማች በክፉ ሳትናገሩ ውሰዷት፤ ሌላ ቤት ይገኛል።

ዳማ አሁን ቡቺ ነው የምትባለው። ባለፈው የመስቀል ማግስት ክትባቱን ላስታውሳቸው ደወልኩ። "ደመራው ሲነድ ልጄ አስታወሰኝ፤ ነገ ጠዋት እንወስዳታለን" አሉኝ። በማግስቱ ከሰዓት ልጃቸው የካርዱን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ጥግ ላይ፣ ከካርዱ ጀርባ፣ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ ይታያል፤ መዥገር የለበትም።